አውፍ ፍለጋ እስከ ላስ ቬጋስ

ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቁማር ቤቶቹ ነው። መልሱ አጭር ስለሆነ እዚሁ ልገላገለው። ካዚኖ የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ሽንት ቤት ፍለጋ። መግቢያው እንደ ገበያ ሰፊ ነው፤ መውጫውን ግን የሠራው ሰው ሆን ብሎ ደብቆታል። ስለ መብራቱና ስለ ፏፏቴው ማወቅ የፈለገ ስልኩን ከፍቶ ይመልከት። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ የአክስቴ ልጆች ናቸው፤ ሰይድና ታናሽ እህቱ ዘሃራ። ሰይድ ዲቪ ደርሶት ቀድሞ ሄደ፤ እሷም ከዓመታት በኋላ በራሷ ዕድል ተከተለችው። አንድ ከተማ ይኖራሉ፣ ግን አይነጋገሩም። ሰይድ ዘንድሮ ከባለቤቱ ከሶፊያ ጋር ሐጅ ለመሄድ ቆረጠ። በእኛ በወሎ ሙስሊሞች ልማድ ሐጅ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት አይቆምም። ደግሞም ወጉ አጭር ነው። ጠያቂው የበደለውን አይዘረዝርም፣ ይቅር ባዩም አይመረምርም። «አውፍ ብዬሃለሁ» ይባላል፣ ያልቃል። እኔ ይህን ልማድ በጣም እወደው ነበር።

«ጋሼ ይማም፣ ከተማውን ሁሉ አውፍ አስብያለሁ» አለኝ ሰይድ በስልክ። «እህቴ ብቻ ቀረችኝ። ስልኬን አታነሳም። እርስዎ መጥተው ካልለመኑልኝ ሐጄ ባዶ ነው።»

«ምን ሆናችሁ ነው የተጣላችሁት?»

«የቆየ ነገር ነው ጋሼ። አይቆስቆስ።»

ጠቡ አባታቸው በሞተበት ዓመት አካባቢ እንደ ጀመረ አውቅ ስለነበር እንደ ሰው ሁሉ የውርስ ነገር መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ለሰይድ ልጅ ምርቃት ብዬ ያወጣሁት ቪዛ ሳልጠቀምበት ተቀምጧል። እኔም እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሥራ የፈታሁ ሰው ነኝ። የሰይድ በረራ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነበር። ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ከደሴ ስወጣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ማንም ከማንም ጋር አላወራም። መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ነው የተነሳነው፤ ቢሆንም ፍተሻ ባለበት ሁሉ ወርደን፣ መታወቂያችንን በእጃችን ይዘን በእግራችን እየተሻገርን ነው የሄድነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከፌስታሏ ዳቦ ቆሎ እየዘገነች ከየፍተሻው በኋላ ታቀብለኝ ነበር። ስሟን አልጠየቅኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝም። አዲስ አበባ ስንገባ ብቻ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ያን ጊዜ ነው እኔም ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት።

ሐሙስ

ስለ አውሮፕላኑ የምለው ብዙ የለኝም። የተቀመጥኩበት ወንበር ለጉልበቴ አልተሠራም፣ ምግቡም ሐላል መሆኑን ለማረጋገጥ ስጠይቅ ስጠይቅ ቀዘቀዘብኝ።

አሜሪካ የረገጥንበት አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ሶፊያ አደራ ብላኝ በሶ ይዤ ነበር። ፈታሹ ወጣት ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ቡናማውን ዱቄት አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የተቆላ ገብስ ነው፣ ተፈጭቶ ነው፣ መንገደኛ ይበላዋል እያልኩ ለተማሪ እንደማስረዳ አስረዳሁት። ፊቱ አልተፈታም። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ማንም ሳያዘኝ አንድ ጭብጥ አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ። በሶ ያለ ውሃ የቃመ ሰው የሚሆነውን ያውቃል። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ ፈጠጠ፣ ከአፌና ከአፍንጫዬ ብናኝ ወጣ። ወጣቱ ደንግጦ የራሱን ውሃ አጠጣኝና ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ሻንጣዬን በገዛ እጁ ዘጋልኝ።

ላስ ቬጋስ ስንወርድ ገና ሻንጣ ሳንቀበል የቁማር ማሽኖች ተደርድረው ያንጫጫሉ። ሰይድ ከነሥራ ልብሱ ይጠብቀኛል፤ እንግዶችን ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። ጠጉሩ ሸብቷል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምንና ወደ ውጭ ስንወጣ የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት ፊት የሚመታው ዓይነት ሙቀት መታኝ።

«ይሄ ምንም አይደለም ጋሼ፤ ገና ጠዋት ነው» አለኝ።

ቤታቸው ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር ነው። ኪራይ አፓርታማ፣ ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጭቃ የመሰለ ቀለም የተቀቡ። ሶፊያ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ሥራዋ በጊዜ ወጥታ ሩዝ በሥጋ ሠርታ ጠበቀችኝ። በሶውን ስታይ እንደ ልጅ ተደሰተች። ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ይሠራል። ውጭው አፋር፣ ውስጡ ደሴ ነው፤ በዚያ ሐሩር አገር ጋቢዬን ለብሼ ተኛሁ። ከመተኛቴ በፊት ሰይድ «መቼ ይሄዱልኛል?» አለኝ። የጉዞ ልብሱ፣ ነጩ ኢሕራም፣ ታጥፎ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ዓርብ

ሁለቱም ሥራ ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። ደሴ ቢሆን እስከ ፒያሳ ወርጄ፣ አሥር ሰው ሰላም ብዬ እመለሳለሁ። ልማድ ነውና ወጣሁ። አስፋልቱ እንደ ሜዳ ሰፊ ነው፣ በእግሩ የሚሄድ ግን እኔ ብቻ። አንድ መኪና ቆመና ሾፌሩ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ፤ ሁለተኛውም ጠየቀኝ። በእግር መሄድ እዚያ አገር የሕመም ምልክት ነው መሰለኝ። ስመለስ የትኛው ሕንፃ የእኛ እንደሆነ ጠፋኝ። የሁለት የማላውቃቸው ሰዎች በር ሞክሬ፣ ከሁለተኛው ውሻ ሲጮህብኝ ሸሽቼ፣ በመጨረሻ ጥላ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴ ይዞር ነበር።

«የሶፊያ እንግዳ ነህ» የሚል ድምፅ ከበላዬ መጣ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ያና ናቸው። ከጣሊያን ጎን ካለች ስሎቬንያ ከምትባል ትንሽ አገር በወጣትነታቸው መጥተው፣ ለመድረክ ዳንሰኞች ላባና ጨርቅ ሲሰፉ ያረጁ ሴት። እጄን ይዘው አስገቡኝና ውሃ ሰጡኝ። ቀጥለው ሾርባ አቀረቡ። ዓይኔ ሳህኑ ላይ ሲቆም ገባቸው።

«ገብስ ነው። ሌላ ጊዜ አሳማ አደርግበታለሁ፤ ይሄን ሶፊያ እንድትቀምሰው ብዬ በአትክልት ብቻ ነው የሠራሁት። የትናንት ነው፣ አሙቄው ነው።»

ቢስሚላህ ብዬ በላሁ። ከበሶው ቀጥሎ ሁለተኛው ገብሴ ነበር፣ ይሄኛው ግን በደህና ወረደ።

ለምን እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ስም ሳልጠራ፣ የቆየ ነገር እንዳይነሳ አድርጌ ሰው ላስታርቅ ነው አልኳቸው። ሳቁ። በእሳቸው ቋንቋ ያለፈ ነገር የሚያነሳ ሰው «ያሞቃል» ይባላል፤ ሰው ያልበላውን የትናንት ወጥ መልሳ እሳት ላይ እንደምትጥድ ሴት ማለት ነው። ሌላም አባባል አላቸው፤ «ወደ ቀን መጎተት»። ጨለማ ውስጥ የተኛውን ነገር እግሩን ይዞ ብርሃን ላይ ማውጣት። እኔም የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝና ሞቅ አለኝ። እንግሊዞቹ ከውሃ ሥር ጭቃ ያወጣሉ፣ ቆሻሻ ይቆፍራሉ፣ የጠፋ ከሰል ይጭራሉ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አጽም አላቸው አልኩ። የእኛስ አሉኝ። እኛ የተዳፈነ እሳት እንቆሰቁሳለን፣ የሻረ ቁስል እንነካካለን አልኳቸው። ቁስሉ እኛም ጋ አለ፣ ቃል በቃል፣ አሉ። እንዲህ ስንለዋወጥ እንደ ሁለት አሮጊቶች ደስ ብሎን ነበር።

«ግን አየህ» አሉ ሳህኔን እያነሱ፣ «ሁሉም የሚሰድቡት የሚያነሳውን ሰው ነው። የሚቆሰቁሰውን፣ የሚያሞቀውን፣ የሚቆፍረውን። እሳቱን ስለ ዳፈነው ሰው የሚነገር ነገር በቋንቋችሁ የለም?»

ፈለግኩ፣ አጣሁ። ትንሽ ተናደድኩም። ሾርባ ያበሉኝን ሴት አመስግኜ፣ እየመሩኝ፣ ለካ ግድግዳ ለግድግዳ ከምንጋጠምበት ከሰይድ በር ደረስኩ።

ቅዳሜ

ሰይድ ኦፍ ስለነበር ሐይቅ ላሳይዎት ብሎ ወሰደኝ። ከከተማው ውጭ በረሃ ውስጥ የተገደበ ትልቅ ውሃ ነው። የመኪናው ቀበቶ ብረት ፀሐይ ላይ ውሎ ኖሮ መዳፌን ጠበሰኝ፤ ምልክቱ እስካሁን አለ። የእኛ ሐይቅ አረንጓዴ ከቦት እስከ አፉ ሞልቶ ነው የማውቀው። ይሄኛው ግን ሸሽቷል። ውሃው ድሮ የነበረበት ቦታ በገደሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሥር ድሮ የሰጠሙ ጀልባዎች ጭቃው ላይ አፍጥጠው ወጥተዋል። ሰዎች እየቆሙ ፎቶ ያነሳሉ።

«ሲሰጥም ማንም አላየው ይሆናል» አለ ሰይድ አንዱን ጀልባ እያየ።

አጋጣሚው ጥሩ መሰለኝ። «ሰይድ፣ ለማስታረቅ የመጣ ሽማግሌ ነገሩን ሳያውቅ እንዴት ይናገራል? ምን አደረግካት?»

«ምን አደረግካት ነው የሚሉኝ? ደግ ነው ያደረግኳት። ጋሼ ይማም፣ አውፍ ማለት ሳይነሳ ነው። አባባ እንዲያ ነው ያስተማረን። የሞተ ነገር እንድቆሰቁስ አይጠይቁኝ።»

ልማዱ ከእሱ ጋር ነበር። እስከ ቤት ድረስ ሬዲዮ ከፍቶ ነዳ።

እሑድ

ሶፊያ «ሰይድ ገበያ የወጣን ይመስለዋል» ብላ ዘሃራ ወደምትኖርበት ሰፈር ወደ ዊትኒ ነዳችኝ። ከዘሃራ ጋር ለካ እሷ ግንኙነቷን አላቋረጠችም፤ በስልክ በድብቅ ይጠያየቃሉ። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገረችም። «ሁለቱም እውነት አላቸው ጋሼ። ሁለቱም ድርቅ ብለዋል» ብቻ አለችኝ።

የዘሃራ ቤት ትንሽ ነው፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ንጽሕናው ያስፈራል። ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሰው በራሷ ቤትም ትራሱን እንደ ሆቴል ቀጥ አድርጋ ታቆማለች። አገላብጣ ሳመችኝ፣ ግንባሬን፣ እጄን። «መጀመሪያ ብሉ» አለች። በላን። ዶሮውን እየቆረሰች ወደ እኔ ትገፋለች፣ የደሴ ሰዎችን በየስማቸው ትጠይቀኛለች። የምጠብቀው ጠብ የት እንዳለ ጠፋኝ።

ሳህኖቹ ሲነሱ ተነስቼ ቆምኩ፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። «ዘሃራ፣ ወንድምሽ ረቡዕ ሐጅ ይሄዳል። አውፍ በይኝ ብሏል። እኔም አብሬው እለምናለሁ። ለአላህ ብለሽ፣ ለአባትሽ ብለሽ።»

«ምኑን?» አለች።

«አይጠየቅም እኮ ልጄ። አውፍ ሳይነሳ ነው።»

«እኔ ልጠይቅ ነው ጋሼ። ምኑን ነው አውፍ የምለው? ስሙን ጥሩልኝ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «አያውቁትም አይደል? አልነገረዎትም።»

አላውቅም አልኳት። ሶፊያ አንገቷን ደፋች።

ዘሃራ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ነገረችኝ። አባቷ የሞተው እሷ ላስ ቬጋስ ከገባች ጥቂት ሳምንት ሲሆናት ነው። እኔ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ያኔ የማስተምረው ጅማ ስለነበር በማግስቱ ተመልሻለሁ። ለዘሃራ ሰይድ ቀስ ብሎ ይነግራታል፣ አንድ ከተማ ናቸው፣ ተባለ፤ እኛ የራቅነው ዘመዶች ነግሯታል ብለን ዘጋነው። እሱ ግን አልነገራትም። አዲስ መጪ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ሥራዋን ለሙከራ ነው የያዘችው፣ ትደነግጣለች፣ ትባረራለች። ትንሽ ትቆይ። ቀጥሎ ረመዳን ገባ፤ በጾም አይነገር። ቀጥሎ ዒድ፤ በዒድ አይነገር። ደሴ ላሉት ለቤቱ ሰዎች ደውሎ እንዳትነግሯት አደራ አለ።

«በየዓርቡ እደውላለሁ» አለች። «መስጊድ ነው ይሉኛል። ተኝቷል ይሉኛል። አንድ ቀን፣ ጉሮሮውን አሞታል፣ መናገር አይችልም አሉኝ። ብርድ ይሆንበታል ብዬ በመጀመሪያ ኦቨርታይሜ ጃኬት ገዝቼ በሰው ላክኩ። ‘ልክክ አለለት’ አሉኝ ጋሼ ይማም። ልክክ አለለት።»

ውሃ ጠጣሁ።

«ከዚያ አንድ ቀን በሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት፣ አዲስ የተቀጠረች የደሴ ልጅ ስሜን ሰምታ መጣች። ‘የሸህ አሊ ልጅ ነሽ? አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸው ላይ ነበርን’ አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው፣ ምን ታድርግ። ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብሬክ አለቀ። ወጣሁና የቀሩኝን ክፍሎች አጸዳሁ፣ አልጋዎቹን አነጠፍኩ። ሱፐርቫይዘሯ ደህና ነሽ ስትለኝ ደህና ነኝ አልኳት። ምን ልበላት? አባትሽ መቼ ሞተ ብትለኝስ?»

«ሰይድንስ አላነጋገርሽውም?»

«ሄድኩ። በሩ ላይ ሲያየኝ ገባው። ‘ላንቺ ብዬ ነው። እንግዲህ ሰምተሻል፣ ያለፈ አልፏል፣ ቁስል አንነካካ’ አለኝ። ሻይ ጠጪ አለኝ።» ተነሳችና ትራሱን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን። «ጋሼ ይማም፣ ያረጀ ሞት ለቅሶ ማን ይቀመጣል? ማንም አልመጣም። ሰው በጠዋት በሬን አንኳኩቶ ቁጭ በይ ያለኝ የለም። ለእኔ መርዶዬን እስከዛሬ የነገረኝ የለም። ከማላውቃት ልጅ ከምሳ ትሪ ላይ ነው ያነሳሁት። ከእሱ አፍ እፈልገዋለሁ። ያን ካላደረገ አውፍ አልልም። ካዕባ ፊት ቆሞም ያስበው።»

ያረቢ፣ ምን ዓይነት ቀን ነበር። ስንወጣ ለሰይድ ብላ ሳይሆን ለመንገዴ ብላ የታሸገ ምግብ አስያዘችኝ።

ሰኞ

ሰይድ የከሰዓት ሺፍት ስለነበረው ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ወደ ሶፊያ ዞረ። «አንቺ ነሽ የወሰድሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳህኑን ገፋው። «አውፍ አስብሉልኝ ብዬ አስመጣሁዎት እንጂ ፍርድ ቤት አቁሙኝ አላልኩም ጋሼ። ደግ ባደረግኩ? ያኔ ብነግራት ሥራዋን ትለቅ ነበር፣ ታብድ ነበር። ማን ነበራት? እኔ ነበርኩ። እኔ ተሸከምኩላት።»

«የተሸከምክላትን ዛሬ ስጣት። እሱን ብቻ ነው የጠየቀችህ» አልኩት። እኔም ድምፄ ከፍ ብሏል።

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሄጄ አባትሽ ሞቷል ልበላት? ሕፃን ነን? ሰው ምን ይለናል?» በሩን ዘግቶ ወጣ።

ሶፊያ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ነገ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው። ከሁለት አህጉር ማዶ ሽማግሌ ተብዬ ተጠርቼ መጥቼ ከነበረው የባሰ አበላሸሁት ብዬ በራሴ አፈርኩ። በመስኮት ሳይ ሰይድ አልሄደም። ከታች ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን አስነስቶ ተቀምጧል። ወረድኩና ከጎኑ ገባሁ። ሬዲዮው ይጮሃል።

«እኔስ የት አለቀስኩ?» አለ በኋላ፣ መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ። «ለቅሶ ብቀመጥ ሐበሻው ሁሉ ይመጣል፤ በማግስቱ ትሰማለች። ለመስጊዱ ሰው እንኳን አልተናገርኩም። እዚህ ነው ጋሼ፣ እዚቹ መኪና ውስጥ፣ ሬዲዮ ከፍቼ። ፊቴን ታጥቤ ቱሪስት ለማምጣት እሄዳለሁ። ሲስቁ እስቃለሁ፣ ቲፕ ይሰጡኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ ሄጄ ‘አባባ ሰላም ብሎሻል’ እላታለሁ።» ሬዲዮውን ዘጋው። «ሞከርኩ እኮ። ብዙ ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከአፌ አይወጣም። አሁንም አይወጣም።»

«በሯ ድረስ ብቻህን አትሂድ፤ እኔ አለሁ» አልኩት። ከመኪናው ስወርድ ወደ ሥራው ነዳ። ደረጃው ላይ ወይዘሮ ያና አበባቸውን ያጠጣሉ። ፊቴን አይተው አንድ ድስት ሾርባ ለሶፊያ አምጥተው አስቀመጡና ሄዱ። ያን ቀን ማናችንም ምግብ አልቀመስንም።

ማክሰኞ

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰጋጃዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በሬ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ኮፍያውን አድርጓል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይነሱ ጋሼ» አለኝ። ታች መኪናው ውስጥ ከመስጊድ ያመጣቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለዋል። ሶፊያ ጥቁር ሻሽ አስራ ወረደች። ጎህ እየቀደደ፣ በዚያ እንቅልፍ በማያውቅ ከተማ ባዶ መንገድ ላይ አምስት ሆነን ወደ ዊትኒ ሄድን። ሰይድ ሁለት ጊዜ መታጠፊያውን አለፈ። ይመለሳል ብዬ ፈራሁ።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ዘሃራ ለጠዋት ሺፍት የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የስም ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታ ከፈተች። እኔን አየች። ከእኔ ኋላ ሽማግሌዎቹን፣ ጥቁር የለበሰችውን ሶፊያን፣ በመጨረሻ ሰይድን አየች። በእኛ አገር ያደገ ሰው በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አይቶ ምን እንደመጣ ያውቃል። እሷም እያወቀችው፣ ከዓመታት በፊት ማለት የነበረባትን አለች።

«ምነው? በሰላም ነው?»

«ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት አንደኛው ሽማግሌ።

ቁጭ አለች። እኛም ተቀመጥን። መርዶ በልማድ የሚናገረው ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ሰይድ አየሁ። በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ ጫማውንም አላወለቀም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሶፊያ እጄን ያዘችኝ።

«ዘሃራ» አለ። ቆመ። እንደገና ጀመረ። «ዘሃራ፣ እህቴ። አባባ… አባባ ሞቷል።»

«መቼ?» አለች።

«ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ። ውዱእ አድርጎ ገብቶ ጋደም አለ። አልታመመም፣ አልተሰቃየም።»

«ማን ነበር አጠገቡ?»

«እማማ ነበረች። ‘ልጄ አገሩን ለመደችው ወይ?’ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ ጠዋት። አንቺን ነው። ለመደችው አልኩት። ያ የመጨረሻው ስልክ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «የተቀበረው ዓርብ ነው። ብዙ ሰው ነበር። ጋሼ ይማም ነበሩ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ዘሃራ ያን ጊዜ ጮኸች። ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። «አባዬ» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ሶፊያ እጇን ስትይዝ፣ ጎረቤት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ደንግጠው በር ላይ ሲቆሙ፣ ሽማግሌዎቹ «ሶብር አድርጊ ልጄ» ሲሉ፣ ዛሬ የሞተ ነበር የሚመስለው። ለእሷ ዛሬ ነው የሞተው። እኔም የአክስቴን ባል፣ እንደ አባቴ የምወደውን ሰው፣ በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜ አለቀስኩት።

ስልኳ ጠራ። ሰዓት አልፎባት ኖሮ ከሥራ ነው። ሶፊያ ልትዘጋው እጇን ስትዘረጋ ዘሃራ ወሰደችው። ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ዛሬ አልመጣም። አባቴ ሞቶብኛል።»

ከወዲያ ያለችው ሴት አዝና የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ዘሃራ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆመውን ወንድሟን አየችው።

«ዛሬ ጠዋት» አለች። «ዛሬ ጠዋት ወንድሜ መጥቶ ነገረኝ።»

ስልኩን ዘግታ ባጇን ከደረቷ ነቀለች። ፍራሹን ከአልጋዋ ጎትታ መሬት ላይ አነጠፈችና ተቀመጠችበት፤ ከጎኗም ቦታ ተወች።

«ሰይድ፣ ና ተቀመጥ» አለችው። «አውፍ ብዬሃለሁ። አንተም ለቅሶ አልተቀመጥክም። ና፣ አሁን እናልቅስለት።»

ሰይድ ጫማውን አውልቆ ገባ።